ኑዛዜ የጻፈችው ልጅሽ ለወንድሟ ያወረሰችው

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ማታ ማታ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ 17 ዓመቷ ነው። ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ትጨርስና ክረምቱ ሲያልቅ ኮሌጅ ትገባለች። ታናሽ ወንድሟ እዚያው ትምህርት ቤት 9ኛ ክፍል ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የሚታጠብ ልብስ ልሰበስብ ክፍሏ ስገባ ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ወረቀት አየሁ። እንግሊዝኛዬ ያን ያህል ባይሆንም ርዕሱ አልጠፋኝም። ‹የመጨረሻ ኑዛዜዬ› ይላል። ከሥሩ ሙሉ ስሟ አለ። ‹በሙሉ አእምሮዬና በሙሉ ጤንነቴ ሆኜ› ብሎ ይጀምራል። ጉልበቴ ከዳኝ። አልጋዋ ላይ ቁጭ ብዬ እስክትመጣ ድረስ አለቀስኩ።

ስትመጣ ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቀች። ‹ማሚ፣ ለትምህርት ቤት ጋዜጣ እኮ ነው! ሲኒየሮች በሙሉ ይጽፋሉ› አለችኝ፤ የ12ኛ ክፍሎቹን ማለቷ ነው። እስቲ አንብቢልኝ አልኳት። ለጓደኞቿ ያወረሰችው የማይረባ የማይረባውን ነው። ለአንዷ ወፈር ያለች ጓደኛዋ ‹የምሳ ትሪዬን ትቼልሻለሁ፤ አንዱ መቼም አይበቃሽም› ትላለች። እሷ ላይ እንኳን ትንሽ ፈገግ ብዬ ነበር። ወንድሟ ጋ ስትደርስ ግን ሳቄ ጠፋ። ‹ለወንድሜ የማሚን ስልክ፣ የኢንሹራንስ ደብዳቤዎቹን በሙሉ፣ ይሄ ምን ይላል የምትለዋን ጥያቄ አውርሼዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የያዝኩት ሥራ ነው፤ ከእንግዲህ ያንተ ነው› ትላለች። ከዚያ ደግሞ ጠዋት ከአውቶቡስ በፊት ስላለ የቡና ሽታ ምናምን አለች፤ እሱን በደንብ አልሰማሁትም፤ ተናድጄ ነበር።

እትዬ፣ እንግሊዝኛ አለመቻሌን ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ልታወራው ነው? ለነሱ ብዬ አይደል እንዴ የምለፋው? አባቷ ደግሞ ‹በ17 ዓመት ኑዛዜ ሟርት ነው፤ ቅደጂው› ብሏል። ጋዜጣው ሊወጣ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ላስቀራት? ወይስ እንዳላየ ልለፈው?

የተከፋች እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

የተከፋሽው እህቴ፣

መጀመሪያ ስለ ድንጋጤሽ። ደንግጠሽ ማልቀስሽ ልክ ነው። የልጇን ስም ኑዛዜ ከሚል ርዕስ ሥር አይታ ዝም የምትል እናት የለችም። ልጅሽ ስታስረዳሽ ልብሽ መለስ ብሏል። ግን ይህን ዓምድ ሌሎች ወላጆችም ስለሚያነቡት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

አንዳንድ ልጅ የምሩን የስንብት ወረቀት ይጽፋል። የምሩ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይመጣም። ልጁ የሚወዳቸውን ዕቃዎች ለሰው ማደል ይጀምራል። ከጓደኞቹ ይርቃል። እንቅልፉ ይዛባል። «እኔ ባልኖር ይቀላችሁ ነበር» የሚመስል ነገር ከአፉ ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ወላጅ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄድ «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። መጠየቅ ያልነበረን ሐሳብ በልጁ ጭንቅላት ውስጥ አያስገባም። እንዲያውም ብቻውን ተሸክሞት የነበረውን እንዲያወራ በር ይከፍትለታል። አሜሪካ ውስጥ 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት መደወል ይቻላል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሚሠራ ቁጥር ነው። ለልጁ የተጨነቀ ወላጅም ሊደውልበት ይችላል፤ በአስተርጓሚ መነጋገርም ይቻላል።

የአንቺ ልጅ ነገር ግን ሌላ ነው። የጋዜጣ ማስረከቢያ ቀን አላት። ጓደኞቿ ሁሉ እየጻፉ ነው። ኮሌጅ ልትገባ ነው። የሳቀችውም አንቺ ምን እንዳሰብሽ ሲገባት ነው። ለማንኛውም አንድ ቀን ረጋ ብለሽ «ከዚህ ቤት ልትወጪ ነው፣ እንዴት ነሽ?» ብትያት አይከፋም። ስለ ወረቀቱ ብለሽ ሳይሆን ልጅ ከቤት ሲወጣ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ስለሆነ።

አሁን ይህ ኑዛዜ የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ልንገርሽ፤ ለአባቷም ታስረጂዋለሽ። ልጅሽ የፈጠረችው አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ የተማሪዎች ልማድ ነው። በ1800ዎቹ መጨረሻና በ1900ዎቹ መጀመሪያ ተመራቂዎች ከምረቃው ቀደም ብሎ የራሳቸው ቀን ነበራቸው፤ «ክላስ ደይ» ይሉታል። ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ አዳራሽ ይሰበሰባል። ከተመራቂዎቹ አንዱ ተነስቶ የክፍሉን ታሪክ ያነባል። ሌላው ትንቢት ይናገራል፤ ማለትም እገሌ ከሃያ ዓመት በኋላ ከንቲባ ይሆናል፣ እገሊት ሰርከስ ትገባለች እያለ ያስቃል። ግጥም ይነበባል። በመካከል ደግሞ አንዱ እንደ ጠበቃ ጉሮሮውን ጠርጎ የክፍሉን ኑዛዜ ያነባል።

ያ አንቺን ያስደነገጠሽ «በሙሉ አእምሮዬ» የሚለው ሐረግ የቀልዱ መጀመሪያ ነው። እዚህ አገር የእውነተኛ ኑዛዜ የተለመደ መክፈቻ እሱ ነው። ልጆቹ የጠበቃውን ቋንቋ እንዳለ ይወስዱና የሚያወርሱት ግን ቤትና መሬት አይደለም። ጠባያቸውን ነው። አርፍዶ እየገባ ተይዞ የማያውቀው ልጅ ይህን ችሎታውን ለ11ኛ ክፍል ጓደኛው ይተዋል። ሳቋ ኮሪደሩን የሚያናጋው ልጅ ሳቋን ዝምተኛ ለሆነችው ታወርሳለች። አንዱ ካፍቴሪያ ውስጥ ጥግ ላይ ያለችውን ጠረጴዛ፣ አንዱ የመኪና ማቆሚያውን፣ አንዱ በባንዱ ውስጥ ከበሮ ተሸክሞ የመዞሩን ዕጣ ያወርሳል። መምህራንም ይደርሳቸዋል፤ «ለሂሳብ መምህራችን እኛ የሌለንበትን አንድ ጸጥ ያለ ዓመት» የሚል ዓይነት። ድሮ ኑዛዜው ለክፍሉ አንድ ነበር። እየቆየ እያንዳንዱ ተመራቂ የራሱን ሁለት ሦስት መስመር በትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ወይም በዓመቱ መጽሐፍ ላይ ማውጣት ጀመረ። ሁሉም ትምህርት ቤት ግን አያደርገውም። ከቀልዱ ውስጥ ስድብ እየተደበቀ ሲያስቸግራቸው ያስቀሩት አሉ። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ለማን እንደሚወረስም ልብ በይ። እዚህ ሁለተኛ ደረጃ አራት ዓመት ነው፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ። ውርሱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ 9ኛ ክፍል ያለ ልጅ በሲኒየር ኑዛዜ ውስጥ ስሙ ሲጠራ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ፣ ማን እንደሆነ እንኳን ማንም ሳያውቀው ነው የሚውለው። ጋዜጣው የወጣ ቀን «እንትናን የወረስከው አንተ ነህ?» ይሉታል። እህቱ ስትሄድ በሰው ፊት «ይሄ ወንድሜ ነው» ብላ ነው የምትሄደው። ይህን ይዘሽ የወንድሟን መስመር እንደገና አስቢው።

ወደሱ ከመድረሳችን በፊት የአባቷን ነገር እንጨርስ። ሟርት ነው ማለቱን አትናቂበት፤ እኔም አልንቅበትም። እኛ አገር ኑዛዜ ሲባል ሰው ሊሞት ነው። ሽማግሌ ይጠራል፤ የነፍስ አባት ይመጣል፤ ቤተሰቡ አልጋውን ይከባል። ያን እያየ ያደገ ሰው የልጁን ስም ከዚያ ቃል ጎን ሲያይ ሆዱ ባር ባር ቢለው ምን ይደንቃል? ልቡ እንዲያርፍ ግን የሚነገረው ነገር አለ። ይህ ወረቀት የምር የሕግ ኑዛዜ አይደለም። በሜሪላንድ ሕግ ኑዛዜ ለማድረግ 18 ዓመት መሙላት ይጠይቃል፤ ሁለት ምስክሮችም መፈረም አለባቸው። በእኛም በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። የልጃችሁ ወረቀት ላይ ምስክርም የለ፣ ንብረትም የለ።

ይህም ሁሉ ተብሎ ካልተዋጠለት ልጅቷን አንድ ነገር ለምኛት። ርዕሱን «ትቼላችሁ የምሄደው» ወደሚል ትቀይርለት። ቀልዱ አይጎድልም። አባቷም ስሟን ከዚያ ቃል ሥር አያየውም። ወረቀቱ ከሚቀደድ ይሄ በብዙ ይሻላል። የተቀደደ ወረቀት እንደሆነ ነገ ኮምፒውተሯ ላይ ተመልሶ ይጻፋል፤ «አባቴ የጻፍኩትን ቀደደው» የሚለው ግን ኮሌጅ ድረስ አብሯት ይሄዳል።

ደግሞ ነገሩ ለእኛም ያን ያህል ባዕድ አይደለም። አገር ቤት 12ኛ ክፍል የሚጨርሱ ልጆች ሸሚዛቸውን አውልቀው በማርከር እየተፈራረሙ፣ የሚያስቅም የሚያስለቅስም እየጻፉ አይለያዩም? የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች መጽሔት ላይስ ከፎቶው ሥር የመጨረሻ ቃል ተብሎ የሚጻፈው ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ተረብ አይደለም? ሠርግ ቤት የሙሽራዋ ወገኖች በር ዘግተው የመጣውን አጃቢ በዘፈን ሲያብጠለጥሉት ማን ተቀይሞ ተመልሶ ያውቃል? መነካካት ከፍቅር ጋር አብሮ የሚኖር ነገር መሆኑን እኛም እናውቀዋለን።

እሺ፣ አሁን ወደከፋሽ ነገር።

እህቴ፣ ልጅሽ እንግሊዝኛ አለመቻልሽን ልታወራብሽ የጻፈች አይመስለኝም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በመስመሩ ውስጥ አንቺን የሚያሳንስ አንድ ቃል የለም። «ማሚ አታውቅም» አላለችም። «የማሚን ስልክ» ነው ያለችው። «የያዝኩት ሥራ ነው» ነው ያለችው። አየሽ፣ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ልጅ የሚያወርሰው የሚኮራበትን ነው። የሚያፍርበትን ነገር የሚያወርስ የለም፤ ይደብቀዋል። ልጅሽ ባፈረችብሽ ኖሮ ለወንድሟ የካፍቴሪያ ወንበሯን ትታለት ታልፍ ነበር።

የጻፈችው ምን እንደምትሠራ ነው። አስቢው፤ ልጅ ሆና የኢንሹራንስ ደብዳቤ ስታነብልሽ ግማሹን ቃል እሷም አታውቀውም ነበር። «ዲዳክቲብል» (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከራስ ኪስ የሚወጣው) ምን እንደሆነ የትኛው ልጅ ያውቃል? ስልክ ይዛ «እናቴን ወክዬ ነው የምደውለው» ስትል ስንቱ ሰው «እናትሽን አቅርቢልኝ» ብሎ አመላልሷታል? ይህን ሁሉ አድርጋ አንድም ቀን «በዛብኝ» አላለችሽ ይሆናል። የእኛ ልጆች አይሉም። እናታቸው ሌሊት ሠርታ፣ እግሯ አብጦ ስትገባ እያዩ እንዴት ብለው? አሁን ልትሄድ ስትል በቀልድ አወጣችው። ለ17 ዓመት ልጅ ቀልድ የከበደን ነገር የምትናገርበት አንዱ መንገድ ነው።

ስለዚህ አሁን ሁለት ነገር አብረው እውነት ናቸው። ልጅሽ ትኮራብሻለች፤ ይህን ሥራ በማገዟም ትኮራለች። ሥራው ደግሞ ከብዷት ነበር። አንዱን ሰምተሽ ሌላውን እንዳትጥይ።

ያልሰማሽውን የቡናውን ነገርስ? እኔ ከደብዳቤሽ ሁሉ ዓይኔ የቀረው እዚያ ላይ ነው። «ጠዋት ከአውቶቡስ በፊት ስላለ የቡና ሽታ ምናምን» ብለሽ አልፈሽዋል። እንደገባኝ አንቺ ከሌሊት ሥራ ገብተሽ፣ ሳትተኚ፣ ልጆቹ አውቶቡስ ሳይመጣባቸው ቡና ታፈያለሽ። እሷ ጫማዋን እያሰረች ይሸታታል። ኮሌጅ ማደሪያ ውስጥ ያ ሽታ እንደማይኖር አውቃለች። እናም ለወንድሟ ተወችለት። እስቲ ይህችን ልጅ ነው የተቀየምሻት? ተናደሽ ስለነበር ነው እንጂ ይህን መስመር ሰምተሽ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውን ለእኔ አትጽፊም ነበር። ሄደሽ እንደገና አስነብቢያት።

ስታነብልሽ ምን እንደምትያት ልንገርሽ። «ለምን ጻፍሽው?» አትበያት። ጥያቄው ክስ ይመስላል፤ ወዲያው «ቀልድ እኮ ነው» ብላ ትዘጋዋለች። «ከምታነቢልኝ ነገር ሁሉ የሚከብድሽ የቱ ነበር?» በያት። ከዚያ ዝም በይ። ምናልባት የምትነግርሽ ነገር ያስደነግጥሽ ይሆናል። የምርመራ ውጤትሽን ሐኪሙ ነግሯት፣ ለአንቺ እንዴት እንደምትለው እያሰበች የቆየችበት ደቂቃ ሊሆን ይችላል። የቤት ኪራይ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ራስሽን ለመከላከል አትቸኩይ። «አላወቅሁም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» ማለት ይበቃል። ደክመሽ ባለሽ ሰዓትም አታንሺው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሁላችሁም ቤት ስትሆኑ ይሻላል።

አንድ ነገር መጠየቅ ግን መብትሽ ነው። «ኢንሹራንስ» የሚለው ቃል የቤት ጓዳ መስሎ ከተሰማሽ «ደብዳቤዎቹን በሙሉ» ብላ እንድታሳጥረው ንገሪያት። በትዕዛዝ ሳይሆን በልመና። እሺ ትልሻለች ብዬ አምናለሁ። መስመሩን ሙሉ በሙሉ አስወጪ ግን አትበያት። ከኑዛዜዋ ውስጥ ከልቧ የመጣው እሱ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ወራሹ እንምጣ፤ ወደ ትንሹ። እህቱ በቀልድ አወረሰችው፤ እናንተ ግን የምር እንዳታወርሱት እለምንሻለሁ። ከምክሬ ሁሉ አጥብቄ የምነግርሽ ይህን ነው። እሷ ስትሄድ ሥራው ሳይታወቃችሁ እሱ ላይ ይወድቃል። 9ኛ ክፍል ነው፤ ገና 14 ወይም 15 ዓመቱ ነው። ስልክ ውስጥ የሆነ ነገር ጠፋብኝ፣ ይሄ ፓኬት ላይ ምን ይላል ስትይው ያግዝሽ፤ እሱ ማንም ልጅ ለእናቱ የሚያደርገው ነው። የሐኪም ቤት ነገር፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የገንዘብ ክርክር ግን ወደሱ አይሂድ። የራሱ የወላጅ ስብሰባማ በፍጹም። መምህሩ ስለ እሱ የሚለውን እሱ ራሱ እንዲተረጉምልሽ ማድረግ ለልጁም ለመምህሩም ከባድ ነው።

«ታዲያ ማን ሊያነብልኝ ነው?» ትይኝ ይሆናል። መልስ አለው። ሐኪም ቤት ስትሄጂ በፌዴራል የጤና ሕግ መሠረት ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ዕድሜው ያልደረሰን ልጅ አስተርጓሚ አድርጎ መጠቀምም አይችልም። ስለዚህ ቀጠሮ ስታስይዢ «አምሃሪክ ኢንተርፕረተር» በይ፤ በቃ፣ ሁለት ቃል ነው። ብዙ ጊዜ በስልክ ወይም በስክሪን ያገናኙሻል። ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ ሲሉሽ «ግድ የለም፣ ልጄ አለች» እንዳትይ። እሱን ስለለመድነው ነው ልጆቻችን የሚጠሩት።

የኢንሹራንስ ደብዳቤውንም እስቲ አሁን አንዱን አውጪና የመጨረሻ ገጹን ገልብጪ። በብዙ ቋንቋ የተጻፉ አጫጭር መስመሮች ታያለሽ። ሜሪላንድ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከመካከላቸው አማርኛ አለ። በነፃ የቋንቋ እርዳታ ማግኘት እንደምትችይ ይነግርሽና የሚደወልበትን ቁጥር ይሰጥሻል። ብዙዎቻችን ያን ገጽ አይተነው አናውቅም፤ የፊቱን ገጽ ለልጅ ሰጥተን ሌላውን ቅርጫት ውስጥ እንከተዋለን። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ለወላጅ ከሚልኳቸው ወረቀቶች ብዙዎቹን በአማርኛ ያወጣሉ። ለስብሰባም አስተርጓሚ ጠይቂ፤ ቀደም ብለሽ ብትናገሪ ይሻላል።

ልጅሽ ክረምቱን ቤት ናት። በዚህ ጊዜ ሥራውን ለወንድሟ ከምታስረክብ ለአንቺ ታስረክብሽ። አጠገብሽ ቁጭ ብላ አንቺ ደውዪ። የመጀመሪያው ጥሪ ላይ ላብ ላብ ይልሻል፤ ሦስተኛው ላይ ይለቅሻል። የትኛው ደብዳቤ የሚጣል፣ የትኛው የሚቀመጥ፣ የትኛው ቀን ያለው እንደሆነ ታሳይሽ። አባቷም አብሮ ይቀመጥ። በዚህ ቤት ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሰዎች እያሉ ፖስታ ሁሉ በልጅ እጅ የሚከፈትበት ምክንያት የለም። ይህን ስልሽ ጥፋተኛ ነሽ ማለቴ አይደለም። ሌሊት እየሠራሽ ቀን ቋንቋ ትምህርት ቤት ግቢ ብሎ የሚፈርድብሽ ካለ ኑሮውን ያልቀመሰው ነው። የምልሽ፣ አሁን አንዷ ልትሄድ ስትል ነገሩን ለመቀየር ጥሩ ጊዜ ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ፤ አንቺ ፈገግ ብለሽ ያለፍሽው። የምሳ ትሪው።

«አንዱ መቼም አይበቃሽም» የሚለው መስመር መውጣት አለበት። ከወረቀቱ ውስጥ የሚጎዳው የወንድሟ አይደለም፤ ይሄኛው ነው። ጓደኛዋ ትስቅላታለች፤ አብረው ሲሆኑ ራሷም እንዲህ እያለች ትቀልድ ይሆናል። ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን የሁለቱ ቀልድ መሆኑ ያበቃል። የማታውቃቸው ልጆች ኮሪደር ላይ ትሪ እያሳዩ ያልፋሉ። ልጅሽ እንደሆነ ተመርቃ ሄዳለች። ያቺ ልጅ የምትቀር ከሆነች በሚቀጥለው ዓመት በየቀኑ እዚያው ካፍቴሪያ ገብታ ትሪ ታነሳለች። ቅድም አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ይህን ልማድ አስቀርተውታል ያልኩሽ እንዲህ ባሉ መስመሮች የተነሳ ነው። ጋዜጣውን የሚከታተል መምህር ይኖራል፤ ያነበዋል። ግን መምህሩ ማን ወፈር ያለች እንደሆነች፣ ማን በምን እንደሚጎዳ ሁሉን አያውቅም። የሚያውቁት ልጆቹ ናቸው።

ልጅሽ ክፉ ስለሆነች አይደለም የጻፈችው። ለወንድሟ ያን የመሰለ ነገር የጻፈች ልጅ ክፉ አይደለችም። ጓደኛዋን ስታስብ ቶሎ የመጣላት ቀልድ እሱ ሆኖ ነው። እንዲህ ብለሽ ጠይቂያት፦ «ለወንድምሽ የጻፍሽው እሱን ብቻ የሚመለከት ነው፤ ሌላ ሰው ላይ አይሠራም። ይቺን ልጅስ እንዲህ የምታውቂያት በምንድን ነው? ከአንቺ ሌላ ማንም የማያውቀው ነገሯ ምንድን ነው?» የሆነ ነገር ይኖራታል። ፈተና ከመግባታቸው በፊት የምትጸልይላት እሷ ትሆናለች። ከአውቶቡስ መጨረሻ ወንበር የያዘችላት እሷ ትሆናለች። እሱን ትጻፍላት፤ ደግሞም ሊያስቅ ይችላል።

ሌሎቹን የማይረቡ ያልሻቸውን ተያቸው። ለማን ምን እንደሆኑ እነሱ ያውቁታል፤ እኔና አንቺ እንድንስቅባቸው አልተጻፉም።

ጋዜጣው ሲወጣ ሁለት ሦስት ቅጂ ያዢ። አንዱን ለትንሹ ስጪው፤ ስሙ ያለበትን ገጽ የትም እንዳይጥለው። አንዱን ለራስሽ አስቀምጪ። አያቷ አገር ቤት ካሉ ደግሞ ልጅቷ በስልክ በአማርኛ ታንብብላቸው፤ የቡናውን ሳትዘል።

ከአባቷ ጋር እስከ እሑድ ተነጋገሩ። የትሪውን መስመር ግን እስከ እሑድ አታቆይው። ጋዜጣው ሊወጣ ሦስት ሳምንት ቢቀረውም ገጹ የሚዘጋው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ዛሬ ማታ ሥራ ከመግባትሽ በፊት አንሺላት።